ሩጫም እምነትም ያለበት ኮሌጅ፦ ሯጭ ልጅ ያላቸው ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

የእህቴ ልጅ ሃይስኩል ሳለች ጥሩ ሯጭ ነበረች። ኮሌጅ ስትመርጥ ከእናቷ ጋር ሆኜ አብሬ ስፈልግ፣ አብሬ ስጎበኝ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ ልደት ላይም፣ አንዳንዴ ለቅሶ ቤትም ሳይቀር ስለዚሁ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። እዚህ የሰበሰብኩት በብዛት የሚጠየቀውን ነው። የማወራው ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ነው። ዓመቶቹም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

"ክርስቲያን ኮሌጅ" የሚባሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው?

በጭራሽ። መጀመሪያ የካቶሊኮቹ አሉ፦ ኖትርዳም፣ ቪላኖቫ፣ ፕሮቪደንስ፣ ጆርጅታውን። እነዚህ ጋ የማንኛውም እምነት ልጅ ይማራል። ቅዳሴ ግባ ብሎ የሚያስገድደው የለም። ግን ኖትርዳምን ብትወስዱ፣ ኢንጂነርም ይሁን ነጋዴ የነገረ መለኮት ኮርስ ሳይወስድ የሚመረቅ ተማሪ የለም።

የወንጌላውያኑ ደግሞ ሌላ ናቸው። ዊተን (ኢሊኖይ) እና ቴይለር (ኢንዲያና) ተማሪው ሲገባ የሚቀበለው የአኗኗር ቃል ኪዳን አላቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ሁሉም የሚሰበሰብበት የአምልኮ ሰዓት አለ፤ ቻፕል ይሉታል። ሚሺጋን ያለው ካልቪን ዩኒቨርሲቲ ግን ቻፕሉ በየዕለቱ ቢኖርም የሚገባው የፈለገ ነው።

ከዚህ ሌላ በቤተ እምነት ተመሥርተው ዛሬ የዕለት ኑሯቸው ከሌላው ኮሌጅ ብዙም የማይለይ አሉ። የሉተራኖቹ ሴንት ኦላፍና ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰረው ኖርዝ ሴንትራል እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ከልጃችሁ ጋር ቁጭ በሉና ይህን አንሱ፦ የምትፈልጊው እምነትሽን የማይነካ ቦታ ነው፣ ወይስ በየቀኑ አብሮሽ የሚጸልይ ሰው ያለበት? መልሱ ዝርዝሩን ወዲያው በግማሽ ይቀንሰዋል።

ልጄ ኦርቶዶክስ ነው። እዚያ ባይተዋር አይሆንም?

በሩጫ ስሙ የሚነሳ የኦርቶዶክስ ኮሌጅ የለም። ስለዚህ የኛ ልጅ የትም ቢሄድ እንግዳ ነው የሚሆነው። እንግዳ መሆን ግን ባይተዋር መሆን አይደለም። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቃል ኪዳኑን ከመፈረሙ በፊት ቃል በቃል አንብቡት። ስለ መጠጥ፣ ስለ ትንባሆ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ እምነት የሚለው ሁሉ ተጽፏል። ልጁ በእውነት ሊኖርበት የማይችለውን ነገር ለስኮላርሺፕ ብሎ መፈረሙ ጥሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል ይርቃል? ቪላኖቫ ከፊላዴልፊያ ጥግ ነው፤ ዊተን ከቺካጎ ብዙ አይርቅም። ቴይለር ያለችበት አፕላንድ ግን በእርሻ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። መኪና የሌለው የአንደኛ ዓመት ተማሪ እሑድ ጠዋት እንዴት ብሎ ሊሄድ ነው?

በሩጫው በእውነት ጠንካራ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ወላጅ ያሬድ ንጉሴን ያውቀዋል፤ ኖትርዳም እንደተማረ ግን ሁሉም አያውቅም። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፤ እሱ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ውስጥ በ1999 ተወለደ። በ2019 ለኖትርዳም ሮጦ የኮሌጆችን የ1,500 ሜትር ሻምፒዮና አሸነፈ። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በዚያው ርቀት ለአሜሪካ ነሐስ አመጣ። የተማረው ባዮኬሚስትሪ ነው፤ ይህን ሁሌ የምናገረው "ሯጭ ከሆነ ትምህርቱ ይበላሻል" ለሚሉ አባቶች ነው። በ2015 የአገር አቋራጭ ሻምፒዮን የነበረችው፣ ኋላም በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ነሐስ ያገኘችው ሞሊ ሳይደልም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ናት።

ቪላኖቫ በሴቶች አገር አቋራጭ የቆየ ስም አለው። ከ1989 እስከ 1994 ስድስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወስዷል። የአየርላንዷ ሶኒያ ኦሱሊቫንም በግሏ ሁለቴ ያሸነፈችው ያኔ ነው። ቨርጂኒያ ያለው ሊበርቲ ደግሞ በቡድን ሳይሆን በግለሰብ ነው የሚነሳው። ጆሽ ማክዱጋል በ2007፣ ኬንያ የተወለደው ሳሙኤል ቼላንጋ በ2009 እና በ2010 የአገሪቱን አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አሸንፈዋል።

ከትንንሾቹ እኔ በጣም የማከብረው ኖርዝ ሴንትራልን ነው። ቺካጎ አጠገብ ኔፐርቪል ውስጥ ነው። አሰልጣኙ አል ካሪየስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አሠልጥኗል፤ የዲቪዥን 3 (የኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ምድብ) ዋንጫዎቹ ከ15 በላይ ናቸው። ካልቪንም በወንዶች በ2000፣ 2003፣ 2004 እና 2006 አሸንፏል። ሴንት ኦላፍ በ2013 ወስዶታል። እነዚህ ስሞች ቴሌቪዥን ላይ አይታዩም። ግን እነሱ ጋ አገር አቋራጭ ትልቅ ነገር ነው።

ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲስ?

በሩጫ ብቻ ካያችሁት ከሁሉም በላይ ነው ቢባል የሚከራከር ብዙ አይገኝም። በ2024 የወንዶችም የሴቶችም ቡድን በአንድ ቀን የዲቪዥን 1 አገር አቋራጭ ዋንጫ ወሰዱ። ያሉበት ፕሮቮ (ዩታ) ከፍታው 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቱ ግን ሞርሞኖች ብለን የምናውቃቸው ናቸው። ትምህርተ ሥላሴን እኛ በምናምንበት መንገድ አይቀበሉም፤ ይህን ልጁም እናንተም አውቃችሁ ግቡ። የእነሱ ቤተ እምነት አባል ያልሆነ ተማሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያም ከፍ ይላል። ሌላው፣ የሥነ ምግባር ደንቡ አልኮልና ትንባሆን ብቻ ሳይሆን ቡናና ሻይንም ይከለክላል። ቡና እየተፈላ ላደገ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአንጻሩ እሑድ አይወዳደሩም፤ ይህን የሚያከብር ቤተሰብ ደስ ይለዋል።

ስኮላርሺፕ አለ? ዲቪዥን የሚሉትስ ምንድነው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ያሳሳተ ነው። ኤንሲኤኤ የሚባለው ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ትምህርት ቤቶቹን በሦስት ምድብ ይከፍላቸዋል፤ ዲቪዥን 1፣ 2 እና 3 የሚሉት ይህንን ነው። ዲቪዥን 3 ኮሌጆች ለስፖርት ብለው አንድ ብር አይሰጡም፤ ደንቡ ይከለክላል። ዊተን፣ ካልቪን፣ ሴንት ኦላፍ፣ ኖርዝ ሴንትራል ሁሉም ዲቪዥን 3 ናቸው። "ታዲያ ምን ይሠራልናል?" የሚል አባት አጋጥሞኛል። ይሠራላችኋል። ለጥሩ ውጤትና ለቤተሰብ ገቢ የሚሰጡት እርዳታ ብዙ ጊዜ ዲቪዥን 1 ከሚሰጠው ቁራጭ የስፖርት ስኮላርሺፕ ይበልጣል። በሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኝ ልጅ በጣም ጥቂት ነው። ገንዘቡ ለብዙ አትሌት ነው የሚከፋፈለው።

ከ2025 ወዲህ ደግሞ ኮሌጆች ለአትሌቶቻቸው እንዲከፍሉ በፈቀደው አዲሱ የፍርድ ቤት ስምምነት የገቡ የዲቪዥን 1 ትምህርት ቤቶች የቡድን አባል ቁጥር ገደብ አለባቸው። ለአገር አቋራጭ 17 ሰው ነው። ድሮ "ና፣ ከቡድኑ ጋር ተለማመድ፣ ቀስ እያልክ ታድጋለህ" ይባል የነበረው ልጅ አሁን ቦታ ላያገኝ ይችላል።

ኤንኤአይኤ የሚባል ሌላ ማኅበርም አለ። ቴይለርና ኢንዲያና ዌስሊያን ያሉት እዚያ ነው። እነሱ የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ክርስቲያን ኮሌጆች ናቸው። በ1968 የተመሠረተ የክርስቲያን ኮሌጆች የስፖርት ማኅበርም አለ፤ የራሱን አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ያካሂዳል።

የትም ቢሆን ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ልጅ መሙላት ይችላል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የሚሰጠው ፔል ግራንት በ2025–26 እስከ 7,395 ዶላር ነበር። እሱ አይመለስም፣ ብድር አይደለም።

ልጄ ስንት ሰዓት መሮጥ አለበት?

በግምት ልንገራችሁ፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ጠንካራ የዲቪዥን 1 ቡድን የሚፈልገው ወንድ ልጅ 1,600 ሜትርን ከ4:15 (4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ) በታች፣ 3,200ን ከ9:10 በታች የሚሮጥ ነው። ለሴት 5:00 እና 10:45 አካባቢ። ጥሩ የዲቪዥን 3 ቡድን ደግሞ 4:30 እና 9:50 የሚሮጥ ወንድን፣ 5:20 እና 11:40 የምትሮጥ ሴትን በደስታ ያናግራል። ከዚህ የዘገየ ልጅም ተስፋ አይቁረጥ። ሁለት ዓመት ብቻ የሮጠ ልጅና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሮጠ ልጅ ሰዓታቸው እኩል ቢሆን፣ አሰልጣኝ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው።

ፕሮግራሙ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። ዋንጫ ብቻ አትቁጠሩ።

ቲኤፍአርአርኤስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የኮሌጅ ሩጫ ውጤት በሙሉ እዚያ ነው፤ ነፃ ነው። የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት ክፈቱ። የአራተኛ ዓመት ሯጮችን አንድ በአንድ እዩ። አንደኛ ዓመት ሲገቡ 5,000 ሜትር በስንት ሮጡ? አሁንስ? አምስት ስድስቱ በየዓመቱ እያሻሻሉ ከመጡ አሰልጣኙ ሥራውን ያውቃል። አንዱ ብቻ ኮከብ ሆኖ ሌሎቹ በገቡበት ከቀሩ ወይም ወደ ኋላ ከሄዱ ተጠራጠሩ። ያ አንዱ ሲመጣም ጎበዝ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን የቡድን ዝርዝር አውጡ። ያኔ አንደኛ ዓመት የነበሩት ስምንት ልጆች ከሆኑ፣ ዛሬ ስንቶቹ አሉ? ስድስት ከቀሩ ጥሩ ነው። ሁለት ብቻ ከቀሩ አንድ ነገር አለ፤ ጉዳት ይሁን፣ ጸብ ይሁን፣ ጠይቁ። እኔ ከሰዓትም ከዋንጫም በላይ የማምነው ይህንን ቁጥር ነው። ልጆች ዝም ብለው ቡድን ጥለው አይሄዱም።

ሌላው የአምስተኛው ሯጭ ነገር ነው። በአገር አቋራጭ ሰባት ሰው ይሮጣል፤ የሚቆጠረው የአምስቱ ደረጃ ተደምሮ ነው፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ስለዚህ በአንደኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ስንት ሰከንድ ነው የሚለውን እዩ። ተጠጋግተው የሚገቡ ልጆች ልምምድ ላይም አብረው ነው የሚሮጡት። የናንተ ልጅ ብቻውን አይቀርም።

ለአሰልጣኙ ደግሞ ይህንን በቀጥታ አንሱለት፦ አንደኛ ዓመት ልጅ በሳምንት ስንት ማይል ያስሮጣል? ሃይስኩል ላይ 40 ማይል ይሮጥ የነበረን ልጅ በመስከረም ወር 80 ላይ የሚያደርስ አሰልጣኝ ጋ ልጄን አልልክም። ጥሩው አሰልጣኝ "በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ነው የምጨምረው" ይላል፤ እንዴት እንደሚጨምርም ያስረዳችኋል።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይችላል?

ውድድሩ በአብዛኛው ቅዳሜ ወይም ዓርብ ነው፤ ችግሩ ያ አይደለም። ችግሩ የእሑዱ ረጅም ሩጫ ነው። በብዙ ቡድን የሳምንቱ ረጅሙ ልምምድ እሑድ ጠዋት ነው፤ 12 ማይል፣ 15 ማይል። ክርስቲያን ኮሌጅ ስለሆነ ብቻ ይህ የለም ብላችሁ አታስቡ። አሰልጣኙን "እሑድ ምን ታደርጋላችሁ?" በሉት። አንዳንዱ ረጅሙን ሩጫ ለቅዳሜ ወይም ለሰኞ ያዞረዋል፤ አንዳንዱ እሑድን ጨርሶ ዕረፍት ያደርጋል፤ አንዳንዱ በራስህ ሰዓት ሩጥ ይላል። የኛ ቅዳሴ ረጅም መሆኑን አስረዱት። ፈረንጆቹ አንድ ሰዓት ነው የሚመስላቸው።

አድቬንቲስት ቤተሰብ ከሆናችሁ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ዋናው የውድድር ቀን ነው። ይህን ከመፈረም በፊት በግልጽ ተነጋገሩበት።

ጾምስ? እየጾመ መሮጥ ይችላል?

አገር ቤት ጾመው የሚሮጡ ስንት አሉ። ግን አስበው ነው የሚጾሙት።

ቀኖቹን እንያቸው። ጾመ ነቢያት የሚገባው በኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24 ገደማ) ነው። የዲቪዥን 1 አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሚካሄደው ታንክስጊቪንግ ከመድረሱ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። በ2024 ሻምፒዮናው የዋለው ልክ ኅዳር 14 (ኖቬምበር 23) ቀን ነበር፤ የጾሙ ዋዜማ። ስለዚህ የመኸሩ ውድድር ከጾሙ ጋር ብዙ አይጋጭም። የሚከብደው ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀኑ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን የ5,000 እና የ10,000 ሜትሩ ውድድር የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ከምግቡ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት 10 ማይል ሮጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ክፍል መግባት ለሚያድግ ልጅ አደገኛ ነው። የነፍስ አባቱን ያማክር። ነገሩን በራሱ ወስኖ ተደብቆ ከሚጎዳ፣ ወይም በራሱ ወስኖ ጾሙን ጥሎ ከሚጸጸት፣ ይህ ይሻላል።

የጾም ምግቡ ራሱ መጥፎ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጤፍ ለሯጭ ጥሩ ነው። የኮሌጅ ካፊቴሪያ ላይ ግን "የጾም" ያልነው ሰላጣና ፓስታ ሆኖ ይቀራል። ብረትና ቢ12 ያንሳል። ሯጭ ብረት ሲያንሰው እግሩ ይከብደዋል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ሰነፈ ይሉታል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ ያድርግ። አሰልጣኙም የቡድኑም የምግብ ባለሙያ ይወቁ። ካፊቴሪያው ባቄላና ምስር ያዘጋጅለት እንደሆነ ጉብኝት ስትሄዱ ጠይቁ።

ሴት ልጄን በተመለከተ የተለየ ነገር አለ?

አለ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የጎበኘችው አንድ ትምህርት ቤት አሰልጣኙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ስለ ክብደት አነሳ። ኮሌጁ ጸሎት አለው፣ ዋንጫ አለው፣ ግቢው ያምራል። እናቷ እጇን ይዛ ወጣች። ያኔ ነገሩን አበዛችው ብዬ አስቤ ነበር። አሁን ትክክል እንደነበረች አውቃለሁ።

ሴት ሯጭ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ካነሰ የወር አበባዋ ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ አጥንቷ ሊሳሳና ሊሰነጠቅ ይችላል። "ጎበዝ ስለሆንሽ ነው የቀረው" የሚላት ሰው ካለ ውሸት ነው። አሰልጣኙን "ባለፈው ዓመት ስንት ሴቶች የአጥንት ስንጥቅ ገጠማቸው?" በሉት። የሚያፍርበት ወይም የሚቆጣበት ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

የእህቴ ልጅ በገባችበትም ቢሆን ሁለተኛ ዓመት ላይ ቅልጥሟ ተሰንጥቆ አራት ወር አልሮጠችም። አሰልጣኟ ግን በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር። ከቡድኑ ጋር እራት ትበላለች፣ ቻፕል አብራቸው ትቀመጣለች፣ ውድድር ቀን አውቶቡስ ላይ አብራ ትሄዳለች። ኮሌጁን የመረጠችው ለሩጫው ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ክረምት ዕቃዋን ጠቅልላ ትመጣ ነበር።

ልጁ ያለው ኢትዮጵያ ነው። ይችላል?

ይችላል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ለዲቪዥን 1 እና 2 የኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል የሃይስኩል ትራንስክሪፕቱን ይመረምራል፤ የሚፈለጉት 16 መሠረታዊ ትምህርቶች ናቸው። ኤንኤአይኤ የራሱ አለው። የእንግሊዝኛ ፈተና ይፈተናል። ከዚያ ኮሌጁ ልጁን መቀበሉን የሚያሳይ አይ-20 የሚባል ቅጽ ይልካል፤ በሱ ነው ለኤፍ-1 (ለተማሪ) ቪዛ ኤምባሲ የሚቀርበው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሃይስኩል ጨርሶ ዓመታት ክለብ ውስጥ የቆየ፣ ወይም ለገንዘብ የጎዳና ላይ ውድድር የሮጠ ልጅ ብቁነቱ ሊነካ ይችላል። ከመሮጡ በፊት ኮሌጁን ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ "ስኮላርሺፕ አመጣልሃለሁ" ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ጋ አትሂዱ። አሰልጣኙ ኢሜይል አለው፤ የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ተጽፏል። ልጁ ራሱ ይጻፍለት።

መቼ እንጀምር? ማን ነው የሚጽፈው?

የዲቪዥን 1 አሰልጣኝ ልጁን ማነጋገር የሚችለው አሥረኛ ክፍል ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 (ሰኔ 8) ጀምሮ ነው። ልጁ ግን ከዚያ በፊትም መጻፍ ይችላል። የሚጽፈው ልጁ ነው፣ አባትየው አይደለም። አጭር ይሁን፦ ስም፣ ሃይስኩል፣ የሚመረቅበት ዓመት፣ ምርጥ ሰዓቶች፣ ውጤት፣ ለምን ያንን ኮሌጅ እንደፈለገ። እምነቱን የሚመለከት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ እሑድና ጾም፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ንግግር ላይ ያንሳው። ያንን ሰምቶ የሚሸሽ አሰልጣኝ አሁኑኑ ቢሸሽ ጥሩ ነው።

ጉብኝት ስትሄዱ ልጁ ከቡድኑ ጋር ይደር። እናንተ ሆቴል ሁኑ። ማታ አሰልጣኙ በሌለበት ልጆቹን ሦስት ነገር ይጠይቃቸው፦ አምና ስንት ሰው ቡድኑን ለቀቀ፣ የተጎዳ ልጅ ምን ይደረግለታል፣ እሑድ ጠዋት የት ናችሁ? ጠዋት ስትወስዱት መኪና ውስጥ ቶሎ አትጠይቁት። ቁርስ ይብላ፣ ይተኛ። ራሱ ሲጀምር ስሙት።